ሦስት ጣሪያ፣ አንድ በር

ያደታን መጀመሪያ ያየሁት ዕለት ሰላይ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በዚህ ጊዜ፣ ነቀምቴ ላይ፣ የማላውቀው ሰው ሱቃችን በር ላይ ቆሞ ትንሽ መሣሪያ ላይ ሲያፈጥ ሌላ ምን ልበል? በየቀኑ ይመጣል። «አካም ጂርታ፣ መክሊት?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላም ይለኛል። ስሜን ማን ነገረው? ሳሙና ይገዛል፣ ይቆማል፣ ስልክ ይደውላል። አባቴ ሚዛኑን እየጠረገ በጎን ያየዋል።

«ይሄ ልጅ በደግ አልመጣም» ይለኛል።

እኔም አላመንኩትም። ግን ሲዘገይ መንገድ መንገዱን አያለሁ... በዚህ በራሴ ተናደድኩ።

አንድ ቀን አፋጠጥኩት።

«ማን ልኮህ ነው?»

«የኔትወርክ ሠራተኛ ነኝ። ሦስት ጣሪያ ላይ ማሰራጫ ተክለናል። እያንዳንዱ ለብቻው ደካማ ነው። እኩል ከላኩ ግን ሞገዳቸው በመረጥነው አንድ ቦታ ላይ ተደምሮ ይበረታል። እኔ እዚህ እለካለሁ፤ ባልደረቦቼ ኬኔና ሞሲሳ ጣሪያ ላይ ሆነው ያስተካክላሉ።»

«ውሸት።»

«ፈትኚኝ።»

«እንግዲያው ወደ ዳቦ ቤቱ አዙሩት።»

ለሁለቱ ደወለ። ስልኬን ይዤ መንገዱን ተሻገርኩ። ዳቦ ቤቱ ደጃፍ ላይ ኔትወርኩ ሞላ። ስመለስ የእኛ በር ላይ ጠፍቷል። ሰላይ አይደለም፤ እፎይ አልኩ። ወዲያው ግን ሌላ ጥርጣሬ መጣብኝ።

«የትም መላክ ከተቻለ... ለምን የእኛ በር?»

አንገቱን ደፋ።

«መጀመሪያ መሞከር የነበረበት ጤና ጣቢያው ላይ ነው። አንቺን ለማየት ብዬ...»

ደስታዬና ንዴቴ አንድ ላይ መጡ።

«እዚያ አምቡላንስ የሚጠሩበት ኔትወርክ አጥተው ይቸገራሉ፤ አንተ እዚህ ሳሙና ትገዛለህ?»

«አጥፍቻለሁ።»

«ሂድና አስተካክል። ከዚያ ለአባቴ እውነቱን ንገረው። ካልሆነ እዚህ እንዳላይህ።»

ሄደ። ቀናት አለፉ፤ የለም። ሸሸ አልኩ። እንኳን ሄደ አልኩ፤ ጓዳ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ነርሷ ድርቤ ስኳር ልትገዛ መጥታ «ጤና ጣቢያችን ውስጥ ስልክ መሥራት ጀመረ» ስትል ልቤ ዘለለ። ከሰዓት በኋላ ያደታ ራሱ መጥቶ አባቴ ፊት ቆመ።

«ኦቦ ገብረመስቀል፣ በየቀኑ የምመጣው ለሥራ አልነበረም። ለልጅዎ ነው። እወዳታለሁ።»

አባቴ ቀና ብሎ አየው።

«እንዲህ ያለው ነገር ሽማግሌ ይላክበታል እንጂ ባንኮኒ ላይ ይጠየቃል?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ጥርጣሬው አሁንም ዓይኑ ላይ አለ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ? ይላክ ወይስ ይቅር?»

ያደታን አየሁት። የምጠረጥረው ነገር ፈልጌ አጣሁበት።

«ይላክ፣ አባዬ።»