የአርመማ ቅርፊት

የዘንቦራ ከተማ ከነቤተ መንግሥቷና ከነገበያዋ የተቆረቆረችው አርመማ በምትባል ግዙፍ ሸርጣን ጀርባ ላይ ነበር። በንግሥት ሐዜማ ዘመን ክፉ ምልክት ታየ፤ ባሕሩ የአርመማን እንቁላሎች ባዶ ልጣጭ አድርጎ ተፋቸው። አርመማ ልጅ ሳትተካ ከሞተች መንግሥቱም አብሯት መስጠሙ ነው።

ወጣቷ ጠላቂ ናርዶስ ሰይፍ ታጥቃ፣ «የበላቸውን ሳላውቅ ብመለስ ባሕር ይዋጠኝ!» ብላ ማለች። ከተማዋን ከቅርፊቱ ጋር ያሰሩትን የብረት ቀበቶዎች የሚጠብቁት ብረት ቀጥቃጩ ጋሽ ደባልቄም ተከተሏት።

«አንቺ ልጅ፣ ዘንዶ ቢሆንስ?»

«እርስዎን አስቀድማለኋ! እስኪያላምጥዎት እኔ አመልጣለሁ።»

ሦስት ቀን በአርመማ እግሮች መካከል ወርደው ሆዷ ሥር ደረሱ። ዘንዶ የለም። ፀጉር የሚያካክሉ ሮዝማ ትሎች ብቻ! መቼም ለእንዲህ ያለ ጠላት ሰይፍ መምዘዝ ያሳፍራል። ናርዶስ በደረቷ ተኝታ ታያቸው ጀመር። አንዱ እንቁላሉን ወጋ፣ መጠጠ፣ አፉን ሳይጠርግ ወደሚቀጥለው ተሻገረ።

«ጋሼ፣ ትንንሾቹ ሸርጣኖች ላይ ለምን እንዲህ አይበዙም?»

«እነሱማ በየጊዜው ቅርፊታቸውን ይጥላሉ፤ ትሉም አብሮ...»

«አርመማስ መቼ ጣለች?»

«አያቴ ቀበቶውን ካሰሩባት ወዲህ፣ አንድም ቀን።»

ንግሥቲቱ ይህን ሲሰሙ ከዙፋናቸው ተነሡ። «ለትል ብዬ ከተማዬን ላፍርስ?»

«ግርማዊት ሆይ፣» አለች ናርዶስ፣ «እነሱ ሆዷ ላይ፣ እኛ ጀርባዋ ላይ። የትኛችን እንደከበድናት እሷን መጠየቅ ነው።»

መኳንንቱ አጉረመረሙ። ንግሥቲቱ ግን ብዙ ካሰቡ በኋላ ዘውዳቸውን አውልቀው፣ «ሕዝቤ ሆይ፣ ወደ ጀልባ!» ሲሉ አወጁ።

የመጨረሻው ቀበቶ የሚፈታው ከከተማዋ መካከል ነበር። ደባልቄ መዶሻቸውን አንሥተው፣ «የአያቴን ሥራ ባዳ አይነካብኝም፤ ሂጂ!» ብለው ናርዶስን ወደ ጀልባው ገፏት። ሦስት ምት ተሰማ። ቅርፊቱ ተሰነጠቀ፤ ግንቡም፣ ገበያውም፣ ደባልቄም አብረው ወረዱ። አርመማ ለስላሳ ገላዋን ይዛ በዝግታ ወጣች።

በዓመቱ ናርዶስ ብቻዋን ጠለቀች። ከአዲሱ ሆድ ሥር ትሎች አሉ፤ ጥቂት፣ በጣም ጥቂት። እንቁላሎቹ ግን ሞልተዋል። ጠጋ ብላ አየች። በእያንዳንዱ እንቁላል ውስጥ ሁለት ጥቁር ዓይኖች እሷን ያዩ ነበር።