የፌርማታ ትዳር

«የሳሎኑ መጋረጃ ቀለሙ ምንድን ነው?»

አባቷ ወደ መስኮቱ ሊዞር ሲል ልጅቱ በደብተሯ ፊቱን ጋረደችው። «መኮረጅ የለም!»

«ሰማያዊ» አለ።

«አረንጓዴ!» አለች እናቷ ከመኝታ ቤት። «ራስህ የሰቀልከውን መጋረጃ፣ አንተ ሰውዬ!»

«እኔ ስሰቅለው ሰማያዊ ነበር።»

ልጅቱ ግንባሯን ያዘች። የዜግነት ቃለ መጠይቁ ከነገ ወዲያ ነው። ባልና ሚስቱ ያመለከቱት በጋራ ቢሆንም የሚጠየቁት ግን ለየብቻ ነው። ታችኛው ፎቅ ያለው ልብስ ሰፊና ሚስቱ መልሳቸው አልገጥም ብሎ፣ «ትዳራችሁ ያጠራጥራል» ተብለው ጉዳያቸው ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ሰውዬው እስከ ዛሬ ይንገበገባል። «ከዚች ሴት ጋር የተጨቃጨቅሁት ብቻ ለማስረጃ አይበቃም?» ይላል ላገኘው ሁሉ።

የልጅቱ ቤት ደግሞ ይብሳል። እናቷ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት አንሶላ ስታጥብ ታድራለች፤ አባቷ ቀን መስታወት ሲቆርጥ ይውላል። የዕረፍት ቀናቸው እንኳ አይገጥምም። አልጋው ላይ ማን በየት በኩል እንደሚተኛ ሲጠየቁ ሁለቱም «መሃል» አሉ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ልጅቱ በችከላ ክፍሏን የምትመራ ተማሪ ናት። ለፈተና የሚሆነውን ታውቃለች። ስለዚህ አንድ ያማረ ትዳር ሠራችላቸው፤ ማታ ማታ አብረው እራት ይበላሉ፣ አባት ሳህን ያጥባል፣ እናት በግድግዳው በኩል ትተኛለች።

«አብረን እራት የበላነው መቼ ነው?» አለች እናቷ ለሥራ እየለበሰች።

«ለፈተናው ነው፣ እማ።»

«ውሸት ነዋ!»

«ውሸት አይደለም፣ የተስተካከለ መልስ ነው።»

«ክብርት ዳኛ ካሉ አለቀ» አለ አባቷ። «ሳህኑን ግን ለእሷ ብትሰጪያት ምን ነበረበት?»

በማግስቱ ሁለቱም ሸመደዱት። ብቻ ሲመልሱ፣ የደወሉላቸውን ሰው ማግኘት እንደማይቻል በስልክ የምትናገረዋን ሴትዮ ይመስሉ ነበር። ልጅቱ ሰምታ እንዳልሰማች ሆነች። መልሱ እስከገጠመ ድረስ ለዜማው ማን ነጥብ ይሰጣል?

የቃለ መጠይቁ ቀን ጠዋት አባቷ እስከ ቀጠሮው ሰዓት ሊሠራ ወጣ፤ የምሳ ዕቃውን ግን ጠረጴዛው ላይ ረሳው። ልጅቱ በነጠላ ጫማዋ ተከትላው ሮጠች። ፌርማታው ጋ ስትደርስ ቆመች።

እናቷ ከአውቶቡስ ወርዳለች፤ አባቷ በሸሚዝ ብቻ ብርዱ እያንቀጠቀጠው ቆሟል። ቤቱ ያለው አንድ ወፍራም ካፖርት ነው። እናቷ አወለቀችና ከነሙቀቱ አለበሰችው። እሱ ደግሞ ከኪሱ በወረቀት የጠቀለለውን ዳቦ አውጥቶ ሰጣት።

«ዛሬም ጠርዙን በልተህለታል!»

«መመረዙን ሳላጣራ ላብላሽ?»

«ሂድ ወዲያ! ደግሞ መጋረጃው አረንጓዴ ነው።»

«ሰማያዊ ነው አልኩሽ እኮ!»

ሾፌሩ በሩን ክፍት አድርጎ ይጠብቃል። የለመደው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። «ሙሽሮች፣ ጨርሱልኝ እንጂ!» አለ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎች ሳቁ።

አባቷ ተሳፈረና አውቶቡሱ ሄደ። የምሳ ዕቃው ልጅቱ እጅ ላይ ቀረ።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አለች እናቷ አፏን ዳቦ ሞልታ።

«ለምን ሌላ ካፖርት አይገዛም?»

«ስንት ጊዜ ብየው! ሌላው ቀዝቃዛ ነው ይላል።»

ልጅቱ የምሳ ዕቃውን ይዛ ከእናቷ ጋር ወደ ቤት ተመለሰች።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱም የመሥሪያ ቤቱ መጠበቂያ አዳራሽ ውስጥ ተደርድረው ተቀመጡ። አባቷ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይሸመድዳል። እናቷ የልጅቱን እጅ ጨበጠች። «የእራቱን ድገሚልኝ እስቲ፣ ጠፋብኝ።»

ልጅቱ አፏን ከፈተች። መልሱን ከነነጠላ ሰረዙ ታውቀዋለች። እውነቱን ከተናገሩ ደግሞ እነዚህ ሰዎች ምን ሊሉ ነው? ቀንና ሌሊት የማይገናኙ ባልና ሚስት! ልብስ ሰፊው ትዝ አላት። ፌርማታውም ትዝ አላት።

«እራቱን ተዪው» አለች።

«እንዴ! ያ ሁሉ ችከላ?»

«ስለ ፌርማታው ንገሪያቸው። አባ፣ አንተም። ስለ ዳቦው፣ ስለ ካፖርቱ።»

«ይህንን ደግሞ ምን ብለው ይጠይቁናል?» አለ አባቷ።

«ባይጠይቁም ንገሯቸው።»

«መጋረጃውስ?»

«የታየህን በል።»

በሩ ተከፈተና አባቷ ተጠራ። ሲገባ ትከሻው ወድቆ ነበር። ልጅቱ ጥፍሯን መብላት ጀመረች። የፈለሰፈችው መልስ አሁንም ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰድሮ ተቀምጧል፣ አንድ ቃል ሳይጎድል። አባቷ በሩን ከፍቶ መልሱን እንዳይጠይቃት እየፈራች፣ በሆዷ ደግሞ «ቢጠይቀኝም አልነግረውም» አለች።

በመጨረሻ ወጣ። የእናቷ ተራ ሆነ። ገና ከመነሳቷ አባቷ ካፖርቱን አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። አዳራሹ ይሞቃል፤ ግን አንዳቸውም ልብ አላሉም።

«የግራ ኪሱ ተቀዷል፣ ቁልፍ እንዳትከቺበት» አላት።

«ስንት ጊዜ ስፋው አልኩህ?»

«አንቺ መች አወለቅሽልኝ?»

ጠያቂዋ በሩን በእጇ ይዛ እንደ ሾፌሩ ትጠብቃለች። እየሳቀች ነው፣ አልቸኮለችም። እናቷም ካፖርቱን ሳታወልቅ ገባች።