ሁለተኛው ምሳ ዕቃ

«ይሄ የማን ነው?» አሉ የባዮሎጂ መምህሩ፣ ስለ ቆሻሻ አለያየት ለማስተማር ከክፍሉ ቅርጫት ያወጡትን የተቋጠረ ፌስታል ጓንት ባጠለቀ እጃቸው ከፍ አድርገው።

መምህሩ ቋጠሮውን ፈቱና በተዘረጋው ጋዜጣ ላይ ዘረገፉት። ሩዝ፣ ፎሶሊያ፣ ግማሽ የተቀቀለ እንቁላል፣ ባዶ የቺፕስ ላስቲክ። ከመሀላቸው ደግሞ ዙሪያቸው እንደ አበባ የተሸረፈ ክብ ክብ ካሮቶች ወጡ።

«ውይ፣ የክዳን ካሮት!» አለ ከኋላ የተቀመጠ አንዱ። ክፍሉ ሳቅ በሳቅ ሆነ።

ክዳን ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ቅጽል ስም ነው። ስሙን ያወጡላት የክፍሏ ልጆች ናቸው። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪ ሆና ከተመረጠች ወዲህ «ፌስታል አታምጡ፣ ክዳኑን አጥብቁት፣ ይፈስባችኋል» ስትል ነው የምትውለው። ምሳቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ይመጡ የነበሩትን ሁሉ ተሟግታ፣ ለምና፣ አንዳንዴም ተቆጥታ በሚታጠብ ዕቃ እንዲይዙ ያደረገችው እሷ ናት። ቂም የያዙባትም ነበሩ። ዛሬ ቀን ወጣላቸው።

ካሮትን በአበባ ቅርጽ የሚቆርጥ ሰው ደግሞ እናቷ ብቻ ናት። እናቷ ልብስ ሰፊ ስለሆነች ካሮቱንም እንደ ጨርቅ ጠርዝ አሳምራ ካልጠረዘችው ደስ አይላትም። ነገሩ የተጀመረው ታናሽ ወንድሟ አትክልት አልበላም ብሎ ባስቸገረ ጊዜ ነው። ወንድሟ ለመደ፤ አበባው ግን በዚያው ቀረ።

ክዳን የራሷን ምሳ ጥርግ አድርጋ በልታለች። አበባ ያለበት ሌላ ምሳ ዕቃ ያለው እናቷ በየማለዳው የምትቋጥርላት የልብ ጓደኛዋ ጋ ነው። ዞር ብላ አየቻት። ሳቋ ከግቢው ማዶ የሚሰማው፣ ልጆቹ ሁሉ «ፍልቅልቅ» የሚሏት ጓደኛዋ አሁን አትስቅም። አንገቷን ደፍታ ጠረጴዛዋን ታያለች።

«አንቺ ነሽ?» አሉ መምህሩ ክዳንን።

«አይደለሁም፣ ቲቸር።»

«ታዲያ ማነው?»

ክዳን ጓደኛዋ ራሷ ትናገር ብላ ጠበቀች። ፍልቅልቅም ተናገረች።

«እናቷ ብዙ ነው የምትቋጥርላት፣ ቲቸር። አንዳንዴ አትጨርሰውም መሰለኝ።»

ዓይኗን በጨው አጥባ! ክዳን ክው ብላ ቀረች። «ውሸት ነው» ልትል ብድግ አለች፤ መምህሩ ግን በእጃቸው ምልክት አስቀመጧት።

መምህሩ ጓንታቸውን አወለቁ። «ምግብ እየጣሉ ሌላውን ስለ ቆሻሻ መምከር አይሆንም» አሉ። «ነገ ከምሳ በኋላ ቢሮ ነይ። ተጠሪነቱ ካንቺ ጋር ይቆይ አይቆይ እንነጋገራለን።»

ከትምህርት ሲወጡ ክዳን ጓደኛዋን ምሳ ዕቃ የሚታጠብበት ቧንቧ ጋ አገኘቻት።

«ለምን?» አለች። የምትለው ብዙ ነበር፤ የወጣው ግን ያ ብቻ ሆነ።

«አቦ፣ ደነገጥኩ። ምን ልበል?»

«እኔ ነኝ በያ! ከመቼ ጀምሮ ነው የምትጥዪው?»

ፍልቅልቅ ቧንቧውን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። «ቆይቷል።»

«ዕቃውን አጥበሽ ስትመልሺ ‹እናትሽ እጃቸው ይባረክ› ትዪኝ አልነበር?»

«አልፈልግም ስልሽ አልሰማም ስላልሽ ነው! አባቴ የማለዳ ፈረቃ የገባ ሰሞን ምሳ ሳልይዝ መጣሁ፤ አካፈልሽኝ፤ ጥሩ። በማግስቱ ‹ይዣለሁ› አልኩሽ፤ ‹በሞቴ› አልሽኝ። ሌላ ቀን ‹ካሮት አልወድም› አልኩ። እናትሽ ደግሞ ‹በሞቴ በያት፣ ይሉኝታ ምን ያደርጋል› ብለው ላኩብኝ። በሰው ሞት ተለምኖ እንዴት እምቢ ይባላል? ልጆቹ ‹ክዳን የምትቀልባት› እያሉ ሙድ ይይዙብኛል። ሼም ነው እኮ!»

ይህን ክዳን ልትክደው አልቻለችም። በእነሱ ቤት የመጀመሪያው «አልፈልግም» አይቆጠርም። እንግዳ እምቢ ካለ አፍሮ ነው ተብሎ ደግሞ ይለመናል፣ ሳህኑም ይሞላለታል።

«እሺ፣ ይሄ ሁሉ ልክ ነው እንበል» አለች። «‹አትጨርሰውም መሰለኝ› የሚለውስ? እሱንም በሞቴ ብዬሽ ነው?»

ፍልቅልቅ ከንፈሯን ነከሰች። «ነገ ይረሱታል፣ አታካብጂ።»

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገባት ይሄ ነበር። ምግቡ ምግብ ነው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጓደኛዋ አሳልፋ ሰጠቻት፤ አሁን ደግሞ አታካብጂ ትላታለች። ክዳን እያለቀሰች ወደ ቤቷ ሄደች። ከበሩ ሳትደርስ ፊቷን በሹራቧ እጅጌ ጠረገች።

እናቷ ስፌት ማሽኗ ላይ ነበረች። ከደንበኛ ቀሚስ የተረፈ ቢጫ ቁራጭ ጨርቅ እያዞረች ትሰፋለች።

«ለጓደኛሽ ነው» አለች ቀና ሳትል። «ማንኪያዋን በሶፍት ነው የምትጠቀልለው ብለሽኝ የለ? መያዣ እየሠራሁላት ነው። ዛሬስ በላችልኝ?»

«በላች» አለች ክዳን።

በማግስቱ ማለዳ እናቷ እንደ ልማዷ ሁለቱን ምሳ ዕቃዎች ጎን ለጎን ደረደረች። አንዱን ሞልታ ወደ ሁለተኛው ስትዞር ክዳን እጇን ዕቃው ላይ አሳረፈች።

«የሷን አትሙዪ፣ እማ።»

«ምነው፣ ተጣላችሁ?»

«ካሮት አትወድም። ምሳውን ስትጥለው ነው የከረመችው። ትናንት ደግሞ ሲገኝ እኔ ላይ ላከከችው።»

የእናቷ ቢላ መክተፊያው ላይ ቆመ። «ባጎረስኩ ተነከስኩ በዪኛ» አለች። ቀጥላም፣ «ካልወደደችው ለምን አልነገረችንም?»

«ነግራን ነበር። እኛ በሞቴ አልናት።»

እናቷ በጣቶቿ የያዘችውን የካሮት አበባ አየችው። ከዚያ አፏ ውስጥ ጨመረችና አኘከችው።

«ጣፋጭ ነው እኮ» አለች፤ ድምጿ ግን ተሰብሮ ነበር።

ክዳን የራሷን ምሳ ያዘች። ባዶውን ዕቃም ከድና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ቢጫው መያዣ መርፌ እንደተሰካበት ማሽኑ ላይ ቀረ።

የምሳ ደወል ሲደወል ባዶውን ዕቃ ወስዳ ጓደኛዋ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። ፍልቅልቅ ዕቃውን ስታይ ፊቷ በራ።

«ይኸው፣ ታረቅን አይደል?» አለችና አነሳችው። ዕቃው ቀለላት። ክዳኑን ከፈተች። «ባዶ ነው።»

«አዎ። የምትወጂውን ራስሽ ሙዪበት። ዕቃው ያንቺው ይሁን» አለች ክዳን። «ከምሳ በኋላ ቢሮ እገባለሁ። ሲጠይቁኝ እውነቱን እናገራለሁ። ቀድመሽኝ መግባት ከፈለግሽም በሩ ክፍት ነው።»

ፍልቅልቅ ዙሪያዋን ቃኘች። ልጆቹ ምሳቸውን እየከፈቱ ነው። አጠገቧ ያለውን ወንበር ወደ ራሷ ሳበችና፣ ሁልጊዜ ክዳን የምትቀመጥበትን ቦታ በእጇ መታ መታ አደረገች።

«እዚሁ እንብላ። በቃ፣ እናገራለሁ። ነይ፣ በሞቴ!»

«አልፈልግም» አለች ክዳን።

ሁለተኛ እስክትለመን አልጠበቀችም። ምሳ ዕቃዋን ይዛ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ብቻዋን ተቀመጠችና ክዳኑን ከፈተችው።