ድሩን የበጠሰው ሳቅ

በ1972 ዓ.ም. ጨንቻ ላይ መሠረተ ትምህርት ሳስተምር ድምፄ ቁልቁል አርባ ምንጭ ድረስ ይሰማ ነበር። ሦስት መቶ ተማሪ ነበረኝ። ባለቤቴ አበቡ ሠላሳም አንሞላም ነበር ትላለች።

ያኔ ተማሪዬም እጮኛዬም ነበረች። አባቷ ሸማኔው አቶ ዳልጮ መጀመሪያ ሽማግሌ የላክሁ ጊዜ፣ «ምላስ እንጂ እጅ የለውም» ብለው በሰው ፊት መልሰውኛል። በሁለተኛው እሺ አሉ። እኔም ሳቅኩላቸው።

አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ቂም» ብዬ ጻፍኩ።

«መምህር፣ ከቅያሜ በምን ይለያል?» አለች አበቡ።

«የተቀየመ ያኮርፋል። ቂም የያዘ ግን እየሳቀ ሆዱ ውስጥ ያቆየዋል።»

ዓይኗን ሳትነቅል አየችኝ።

አቶ ዳልጮ የሠርጋችንን ቡልኮ ጀምረው ነበር። እኔ ደጃፋቸውን በረገጥኩ ቁጥር ድሩ ጧ ብሎ ይበጠሳል። ንፋስ የለ፣ አይጥ የለ።

«ሆዱ ውስጥ ነገር የደበቀ ሰው አለ» አሉ። «እስኪያወጣው ሠርግ የለም።»

እንደ አገሩ ወግ የሆዳችንን ልንናዘዝ፣ ቤተሰቡም እኔም እርጥብ ሣር ይዘን ሜዳው ላይ ተቀመጥን። ቀትር ነው፤ ጉሙ ግን ወርዶ ጉልበታችንን ሸፈነው። የአበቡ እናት ስለ ጎረቤት ዶሮ ተናዘዙ። ተራው ደረሰኝ።

«የኔ ሆድ? ከጫሞ ውሃ የጠራ ነው» ብዬ ሳቅኩ።

ማንም ከሌለበት ቤት፣ አቶ ዳልጮ እግራቸውን ከትተው ከሚሸምኑበት ጉድጓድ በኩል፣ ጧ አለ። ደግሞ ጧ። ክሩ አንድ በአንድ ሲበጠስ ሁላችንም ሰማን። የያዝኩት ሣር እጄ ላይ ደርቋል።

አበቡ ተነሳች። «መምህር፣ ያን ቃል በዓረፍተ ነገር አስገባልኝ።»

ጉሙ ደረቴ ደረሰ። ፊቷ ሊጠፋብኝ ሆነ።

«በአባትሽ ላይ ቂም ይዣለሁ» አልኩ። በዕድሜዬ ምንም ሳልጨምርበት የተናገርኩት እሱን ብቻ ነው።

አቶ ዳልጮ የራሳቸውን ሣር ለሁለት ከፍለው ግማሹን ሰጡኝ። «እኔም ያን ቀን አብዝቼዋለሁ፣ ልጄ።» ጉሙ ተነሳ። ቡልኮው በሳምንቱ አለቀ።

ይኸው እስከ ዛሬ ሳጥን ውስጥ አለ። ከአበቡ ጋር ስንኮራረፍ ምንም አይል። አንጀቴ አርሮ ከሳቅኩላት ግን ከሳጥኑ ውስጥ ጧ ይላል። እሷም ቀና ትልና፣ «በል፣ በዓረፍተ ነገር አስገባው» ትለኛለች።