ከመሞቱ በፊት የታተመ ወረቀት

«አንድም ሰው አልተማመነብሽም፣ እማማ።»

ኮስታዲን ይህን ሲል የቃሪያውን ከረጢት አልለቀቀም። አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን ቬሊካ ይዘዋል። ለሚያያቸው፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ባለችው በሩሴ ከተማ ገበያ መሃል በዋጋ ያልተስማሙ ሻጭና ገዢ ይመስላሉ።

«ሦስተኛ ክፍል ያልጨረሰች ሴትዮ የማተሚያ ሰርቨር ትተክላለች ብዬ ስነግራቸው አለቆቹ ሳቁ።»

«ታዲያ ማን መረጠኝ?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ፈገግ አለ።

«እንግዲያ ፈገግታህን ጨርስና ልቀቀው።»

ለቀቀው።

ቬሊካ አልከፋትም። መከፋት ከተዋት ቆይቷል። ሠላሳ አንድ ዓመት ለስለላ ቤቱ ስትሠራ መሣሪያዋ ባልዲና መወልወያ ነበር። በመዝገብ ስሟ «መርፌ» ነው። እሷ ከየቢሮው ቅርጫት ያወጣችውን ወረቀት ከረባት ለባሾቹ እያነበቡ ሜዳሊያ ወሰዱበት። ወለል የሚወለውል ሰው ፊት የለውም። ሰው የሚያየው ባልዲውን ነው፣ እሱንም እንዳይደናቀፍበት።

ከቃሪያው ሥር መዳፍ የምታህል ጥቁር ሳጥን ነበረች፤ ሰርቨር የሚሏት ትንሽ ኮምፒውተር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቦሪል የሚባል የመርከብ ድርጅት ባለቤት በዳኑብ ላይ የጦር መሣሪያ ያሻግራል። ስፓስ የተባለው ካፒቴኑ ጭነቱን በዓይኑ አይቶ ሊመሰክር ቆርጧል። ስፓስ የተደበቀበትን ቤት የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መርፌና አለቃዋ ኮስታዲን፣ በምስጢር ስሙ «ጎረቤት»። የቀረው በቦሪል ቢሮ የሚታተመውን ወረቀት ሁሉ መያዝ ነበር። ቬሊካ ደግሞ እዚያ ቢሮ በጽዳት ሠራተኛነት ከገባች ሁለት ወሯ ነው።

ሰኞ እኩለ ቀን ላይ ራንገል ወጣ። ራንገል የቢሮው የኮምፒውተር ሰው ነው፤ የጨጓራ ሾርባውን ሳይጠጣ አይውልም።

አርባ ደቂቃ።

የማተሚያውን ገመድ ከድሮው ማሽን ነቅላ ሳጥኗ ላይ ሰካች። የራንገልን ስክሪንና ኪቦርድ አገናኘች። ከዚያ መጻፍ ጀመረች። የላቲን ፊደል አታውቅም። ትእዛዞቹን የያዘችው እንደ ሹራብ ቆጥራ ነው፤ ሁለት ቀኝ፣ አንድ ግራ፣ አንድ ዝለል። አንዷ የሹራብ ዐይን ካመለጠች ሁሉም ይተረተራል።

መጀመሪያ ካፕስ የሚሉትን ጫነች። ዋጋ የማይጠየቅበት፣ ውስጡ ለማንም የተገለጠ የማተሚያ ሥርዓት ነው። አስነሳችው። በሩን ለቢሮው ኮምፒውተሮች ከፈተች፤ የበሩ ቁጥር ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ። ማተሚያውን አስመዘገበች። ለውጡን ማንም እንዳይጠረጥር የድሮውን አድራሻና የድሮውን ስም ሰጠችው፤ «ሁለተኛ ፎቅ»።

እስከዚህ ድረስ ማንም የሚሠራው ሥራ ነው። የመጨረሻዋ መስመር ግን የእሷ ነበረች። ሥርዓቱ ያተመውን ፋይል አንድ ቀን አቆይቶ ይጥለዋል።

አትጣል አለችው።

የሙከራ ገጽ አዘዘች። ማተሚያው አጓራ።

በሩ ተከፈተ።

ስክሪኑን በክርኗ አጠፋች። ጨርቋን ኪቦርዱ ላይ ጣለች።

«እማማ ቬሊካ! ምን እየነካካሽ ነው?» ራንገል ሲጋራውን ረስቶ ነበር።

«አቧራህን። እዚህ ላይ እኮ ድንች ይበቅላል።»

ራንገል ገጹን አነሳ። ዓይኑ ፈጠጠ። ማተሚያው ሳምንት ሙሉ እምቢ ብሎት ነበር። ገመዱን በየጠዋቱ ማን እንደሚያላላው አያውቅም።

«በምን ሠራልሽ?»

«በጨርቅ። አንተ ስትለምነው ኮራ። እኔ መታሁት።»

ሳቀ። «ለማንም እንዳትተነፍሺ። ያበጀሁት እኔ ነኝ።»

«ላንተ ይሁን።»

እንደ ሁልጊዜው ምስጋናው ለሌላ ሰው ሄደ። እንዲህም ይሻላታል። ከጎረቤት ጋር የምትገናኘው ዓርብ ማታ ነው። እስከዚያ በመካከላቸው ስልክም መልእክትም የለም።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ የራንገል ወንበር ላይ ተቀመጠች። የታተሙት ሁሉ ተሰልፈው ጠበቋት። ከላይ ያለው ከቦሪል ክፍል የታተመ ነው፣ አንድ ገጽ። «ድጋሚ አትም» የሚለውን ተጫነች።

ወረቀቱ በዝግታ ወጣ። ጥቁር ጠርዝ። መስቀል። ፎቶ።

የሐዘን ወረቀት ነው፤ ሰው ሲሞት በየበሩና በየመብራት ምሰሶው የሚለጠፈው። በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። «ካፒቴን ስፓስ በድንገት ተለየን።» የሞተበት ቀን ከታች አለ።

ቀኑ የነገ ነበር።

ስፓስ ዛሬ ጠዋት ቲማቲም አምጪልኝ ብሏታል።

ገባት። የሌሎቹን መርከበኞች አፍ ለመዝጋት ቦሪል ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ወረቀቱ በየምሰሶው እንዲለጠፍ ፈልጓል። ቸኮለ። በሕይወት ላለ ሰው ይህን ማተም ለጠላት እንኳ የማይደረግ ነውር ነው። ቦሪል ግን ነውር የሚያውቅ ሰው አይደለም።

ከዚያ ፎቶውን አየች።

ስፓስ ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል። ሹራቡን የሠራችው እሷ ናት። ፎቶውንም ያነሳችው እሷ፣ ለሐሰተኛው መታወቂያ። የሰጠችው ለአንድ ሰው ብቻ ነው።

ለጎረቤት።

ለምን እንደመረጣት አሁን ተረዳች። ትችላለች ብሎ አልነበረም፤ አትችልም ብሎ ነበር።

አሥራ ዘጠኝ ጊዜ «ድጋሚ አትም» አለች።

ስፓስ በሩን ከፍቶ ወረቀቱን ሲያይ በርጩማው ላይ ዘጭ አለ።

«እማማ፣ ይሄ እኮ እኔ ነኝ!»

«አዎ። ነገ ታርፋለህ።»

«ትቀልጃለሽ?»

«እርጥብ ሙጫ ይዤ አልቀልድም። ሞቷል የተባለን ሰው ማንም አይገድለውም። ጫማህን አድርግ።»

የስለላ ቤቱ የድሮ አለቃ ከሞተ በኋላ ማንም ያልደወለበት የእሱ ቁጥር ነበራት። ደወለች። ያነሳችው እሱን የተካችው ሴት ናት፤ ኮሎኔል ያሴና።

«መርፌ ነኝ። ክሩ ተበጥሷል።»

«የቱ ጋ?»

«ጎረቤት ጋ። ከዳቦ ቤቱ ኋላ መኪና ላኪ። ሰውየው ትልቅ ነው፣ ትንሽ መኪና እንዳትልኪ።»

ስፓስ ከበሩ ዞረ። «እናቴስ? ምሰሶው እኮ ከቤቷ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ታየዋለች።»

«ትየው።»

«እማማ!»

«እሷ ካላለቀሰች ማንም አያምንም።»

ስፓስ ደረጃውን ወርዶ ወደ መኪናው ሄደ። እሷ ሃያውን ወረቀት ለጠፈች፤ በበሩ፣ በምሰሶዎቹ፣ በዳቦ ቤቱ መስተዋት ላይ።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዎች መጡ። ጃኬታቸው በብብታቸው በኩል ያበጠ ነው። አንዱ ወረቀቱን አነበበ፣ ቀኑን በጣቱ ነካ፣ ለጓደኛው አሳየው። ሥራውን ሌላ ሰው ቀድሞ የጨረሰው መሰላቸው። አማተቡና ሄዱ።

ከሩብ ሰዓት በኋላ ኮስታዲን መጣ። ቬሊካ ደረጃውን እየወለወለች ነበር።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ደረጃ እወለውላለሁ። ሽፋኔ አይደል?»

«ማን ለጠፈው?»

«ሁለት ጎረምሶች መጥተው ነበር። ጃኬታቸው ያበጠ።»

ዓይኗን አየ። ከዚያ ጣቶቿን።

ሙጫው ጥፍሯ ላይ ደርቋል።

እጇን ባልዲው ውስጥ ከተተች። ጨርቁን ጨመቀች። አንድ። ሁለት። ሦስት።

«ሳጥኗስ? ሠራች?»

«ምን ትሠራለች! እኔ ያልተማርኩ ሴትዮ።»

ትከሻው ረገብ አለ። «አይዞሽ እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«እሱስ ልክ ነህ።»

ባልዲዋን አንስታ ወጣች። ኮሎኔሏ ኮስታዲንን ለመያዝ ሁለት ሰዓት አልፈጀባትም። ማስረጃው ፎቶው ነበር። ሳጥኗ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ይዛዋለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

በአርባኛው ቀን የስፓስ እናት ከዳቦ ቤቱ ፊት ቆማ ለአላፊ አግዳሚው የተቀቀለ ስንዴ አደለች። ሥርዓቱ ነው። ለቬሊካም በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻት።

«ልጄን ታውቂው ነበር?»

«በመልክ።»

«ሰማያዊ ሹራብ ነበረው። ማን እንደሠራለት አልነገረኝም።»

ቬሊካ ስንዴውን በላች። ምንም አልጣማትም። ነፍሱን ይማር አለች።

ችሎቱ በዝግ ተካሄደ። ስፓስ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኖ መሰከረ። ቦሪልና ኮስታዲን ታሰሩ። ሥራው አለቀ። የመርፌ ስም የትም አልተጻፈም።

አሁን ኮሎኔሏ ያለችበትን ሕንፃ ታጸዳለች። ከረባት ለባሾቹ ባልዲዋን ዞረው ያልፋሉ። ለገና አንድ ሳምንት ሲቀር የያሴናን ክፍል ልትወለውል ገባች። በሩን ከውስጥ ዘጋችው።

«ለእናትየዋ ነገራችኋት?»

ያሴና እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እማማ ቬሊካ፣ ያውቃሉ እኮ። ከቦሪል ሰዎች ሁለቱ አልተያዙም። እሷ ካወቀች ማልቀሷን ታቆማለች።»

«እኔም እንዲያ ብዬ ነበር። በአፌ።»

«ልክ ነበሩ።»

«ልክ ነበርኩ። ለአንድ ቀን ነበር ልክ የነበርኩት። እናንተ ሁለት ወር አደረጋችሁት። በገና ዋዜማ ለሟቹ ሰሃን ታስቀምጥለታለች፤ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጣ ትበላለች።»

«ለርስዎ ሜዳሊያ ጠይቄያለሁ።»

«ሜዳሊያሽን አልጠየቅሁሽም።» ቬሊካ መወልወያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈች። ጥግ ላይ ያለውን ማተሚያ በአገጯ አመለከተች። «እሱን አየሽው? እሱንም እችልበታለሁ። በሕይወት አለ ብዬ አትሜ በሯ ላይ እለጥፍላታለሁ። የስለላ ቤታችሁን ማኅተም ጨምሬ።»

ያሴና ዞራ ማተሚያውን አየች።

«ሰማሽኝ ወይ፣ ልጄ? ሁለቱን ሰዎች ፈልጊያቸው፣ እሱ ያንቺ ሥራ ነው። ሴትዮዋን ግን ዛሬ ልጇ ጋ ትወስጃታለሽ። ነገ አላልኩሽም። ተነሺ፣ ኮትሽን ልበሺ።»