እርጥቡ ሽብልቅ

በዳሞራ ምድር፣ ንግሥት ወለላ በነገሠች በሃያ አምስተኛው ዓመት፣ ታላቁ ደጅ አለቀሰ።

ደጁ የቆመው በሁለት ገደሎች መካከል ነው። ሠላሳ ሰው ቢደራረብ ጫፉ ላይ አይደርስም። ከተሠራ አራት መቶ ዓመት አልፎታል፤ አንዲት ሚስማር ግን የለችበትም። እንጨት በእንጨት ተሰክቶ፣ እንጨት በእንጨት ተቆልፎ ነው የኖረው። ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። ከደጁ ጀርባ ባለው ዋሻ ብረት በሉ ጎርማ ይኖራል። ጎርማ ዐይን የለውም፤ እያሸተተ ነው የሚሄደው። ሚስማር ቢያገኝ ይበላል፤ ማረሻ ቢያገኝ ይበላል፤ ጎራዴውን ከነወታደሩ ይውጣል። የሰው ደም ብረት ብረት ስለሚለው ሰውንም አይምርም። እንጨት ብቻ አፉን ያንገሸግሸዋል።

ያን ሁሉ ግዙፍ ነገር አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ በመቀርቀሪያው መሀል የሚገባ፣ ክንድ የማይሞላ አንድ ሽብልቅ ነበር። የአገሩ ሰው «የልብ ሽብልቅ» ይለዋል።

አንድ ማለዳ ጠባቂዎቹ ቢነሱ፣ አራት መቶ ዓመት የደረቀው ጣውላ እንደ ትናንት ቁራጭ ሙጫ እያነባ ነው። ቀና ብለው ቢያዩ ሽብልቁ በቦታው የለም። ሁለቱ መዝጊያዎች ጣት በሚያስገባ ክፍተት ተለያይተዋል፤ በክፍተቱም የዛገ ብረት የሚሸት ትኩስ ትንፋሽ ይወጣል።

«ተሰረቀ!» ተባለ።

ማን ሰረቀው? በዋዜማው በደጁ አካባቢ ሲያልፍ የታየው ብረት ቀጥቃጩ ጫንያለው ነበር። «አህያዬ ጠፍታብኝ ነው» ቢል ማን ይስማው። ጎርማ ብረት ይበላል፣ ጫንያለው ብረት ይሠራል፤ ለፈሪ ሕዝብ ይህ በቂ ነው። በሰንሰለት አሰሩት። ሰንሰለቱንም የሠራው እሱ ራሱ ነበር።

ወሬው ሲደርስ ትርንጎ በአባቷ ሥራ ቤት የሙሽራ ሳጥን ክዳን ትልግ ነበር። አባቷ ጓንጉል የዳሞራ ጠራቢዎች አለቃ ነው። የድሮውን ሽብልቅ ምስጥ ሲበላው አዲሱን ጠርቦ የከተተው እሱ ነው፤ ያውም ትርንጎ በተወለደች ዕለት። ንግሥቲቱ ለዚህ ካባ አልብሳዋለች። ትርንጎ ግን አባቷ ያን ካባ ለብሶት አይታ አታውቅም። ሳጥን ውስጥ እንዳለ ብል በላው።

ጓንጉል አንድ ልማድ ነበረው። ሥራ ሲያበቃ የሚጠርብበትን ጉማጅ በእንጨት መዶሻው ሦስት ጊዜ ይመታል። «በቃ» ማለቱ ነው። እናቷ በሕይወት ሳለች ያን ሰምታ ነበር ራት የምታቀርበው። ያለ ሦስቱ ምት በዚያ ቤት ቀን አይመሽም።

ዘንድሮ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መጥረቢያውን ለትርንጎ አስረክቧታል። ዛቢያው ከሰባት ትውልድ በፊት ከእናት አሽማ ዛፍ የተቆረጠ ነው። ከሰባት ሰዎች እጅ የወጣ ላብ ጠጥቶ እንደ ቀንድ ጠቁሯል፣ ለዝቧል። በዳሞራ ጠራቢዎች ዘንድ ብረቱ ቢሰበር ይቀየራል፤ ዛቢያ የሰበረ ግን የሞተ ያህል ነው፣ ስሙ ከጠራቢ አይቆጠርም።

የንግሥቲቱ መልእክተኛ በሩን ሲረግጥ ከጓንጉል እጅ መሮ ወደቀ። ትርንጎ አባቷ መሣሪያ ሲጥል አይታ አታውቅም።

በደጁ ፊት ባለው አደባባይ ሕዝቡ ታጭቆ ነበር። ንግሥት ወለላ ከዙፋኗ ተነሥታ ቆመች።

«ጓንጉል ሆይ፣ ስማኝ! ደጁ ባለቀሰ በሰባተኛው ቀን እንደሚከፈት ከአባቶቻችን ተነግሮናል። ሽብልቁን ፈልግ። ካጣኸው ከእናት አሽማ አዲስ ቆርጠህ ና። ይህን ሌባ ይዘኸው ሂድ፤ የደበቀበትን ያሳይህ። ባያሳይህ፣ በዙፋኔ እምላለሁ፣ ለጎርማ የመጀመሪያው ጉርሻ እሱ ይሆናል!»

የሰንሰለቱንም ቁልፍ በጓንጉል አንገት አጠለቀችለት።

«ንግሥት ሆይ፣» አለ ጫንያለው፣ «እኔ ሽብልቅ ሰርቄ ምን ላደርገው? የቤቴ በር እንኳ በገመድ ነው የሚታሰረው!»

ሰው ሳቀ። ንግሥቲቱ አልሳቀችም። ጓንጉልም ቁልፉን በመዳፉ ሸፍኖ መሬት መሬቱን ያይ ነበር።

«እኔም እሄዳለሁ» አለች ትርንጎ። «መጥረቢያው እኔ ዘንድ ነው።»

«አንቺ ቤት ትቀሪያለሽ።»

«አልቀርም፣ አባዬ።»

አልቀረችምም።

ሦስት ቀን ዳገት ወጡ። ጫንያለው ሰንሰለቱ እየተንቃጨለ አፉ ግን አያርፍም።

«ጋሼ ጓንጉል፣ እናንተ ጠራቢዎች እኮ እኛ ባንኖር በጥርሳችሁ ነበር የምትጠርቡት።»

«እናንተስ ዛቢያ ባንሠራላችሁ» አለች ትርንጎ፣ «መዶሻችሁን በምን ልትይዙት ነበር? በጆሯችሁ?»

«ምላስሽ ሞረድ አያስፈልገውም፣ አንቺ ልጅ!»

ጓንጉል ግን ወደ ኋላ ሳይዞር ዳገቱን ይወጣል።

በሁለተኛው ቀን የዋርዛን ወንዝ ሲሻገሩ ውሃው የጫንያለውን እግር አነሣው። ሰንሰለቱ ወደ ታች ጎተተው፤ ጭንቅላቱ ሁለቴ ጠልቆ ሁለቴ ወጣ። ትርንጎ ድንጋይ ላይ ተደፍታ የመጥረቢያውን ብረት ራሷ ይዛ ዛቢያውን ዘረጋችለት። መዳፏ ተቆርጦ ደሟ በውሃው ላይ ወረደ፤ አልለቀቀችም። ስባ አወጣችው።

«አባዬ፣ ፍታው እንጂ! ሰው ሊሞት ነው እኮ!»

ጓንጉል ቁልፉን ያዘ። «የንግሥቲቱ ትእዛዝ ነው» አለና መንገዱን ቀጠለ። ትርንጎ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ የአባቷን ፊት ማየት አስጠላት።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ከእናት አሽማ ሥር ደረሱ። ግንዷን አርባ ሰው እጅ ለእጅ ቢያያዝ አይከባትም። በእሷ ዘንድ ሕግ አለ፤ በመሣሪያው የሠራውን መጥፎ ሥራ ሳይናዘዝ ቅጠሏን የሚነካ የለም። ሥሮቿ ከመሬት ወጥተው የሦስቱንም እግር ያዙ። ድምፅዋም ከግንዱ ውስጥ ተሰማ።

«የእጃችሁን ሥራ ንገሩኝ።»

ጫንያለው ቀደመ። «የተሰነጠቀ ዶማ ሸጫለሁ። ስንጥቁን በጥላሸትና በቅቤ ደፍኜ። ሴትየዋ ገና አንድ ጊዜ ቆፍራ ለሁለት ሆነባት፤ እስካሁን ገበያ ላይ ባየችኝ ቁጥር ትረግመኛለች፣ እኔም በሌላ መንገድ ነው የማልፈው።» ሥሩ ለቀቀው።

ትርንጎ ፊቷ ቀላ። «እግሩ የተንሻፈፈ በርጩማ ሸጥኩ። ዐይኑ ለማያይ ሰው።» ሥሩ ለቀቃት።

ጓንጉል ዝም አለ። ሥሩ ከቁርጭምጭሚቱ ወደ ጉልበቱ ወጣ፤ ከጉልበቱ ወደ ወገቡ።

«አባዬ፣ ተናገር! ያንቅሃል!»

ያኔ ሽማግሌው እጁን ወደ ብብቱ ሰደደ። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ ፈታው። የልብ ሽብልቅ ነበር፤ የተጨማደደ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ፣ ከልኩ ያነሰ።

«ማንም አልሰረቀውም» አለ። «ወድቆ ነው። በዚያ ማለዳ ጠባቂዎቹ ሳይነሡ ከደጁ ሥር አገኘሁት። ሃያ ዓመት ሙሉ በየማለዳው እየሄድኩ አየው ነበርና።»

ሽብልቁን በመዳፉ ላይ ገለበጠው።

«የጠራቢዎች አለቃ ብቻ የሚያውቀው ምሥጢር አለ። ሽብልቁ የሚመታው ከውስጥ ነው። ወፍራሙ ራስ በጎርማ በኩል ሲሆን፣ አውሬው በገፋ ቁጥር ይጠብቃል። የሚመታው ሰው ግን አይወጣም። አያቴ እንዲያ ሆኖ ነው የቀረው። የእኔ ተራ ሲደርስ... መዶሻዬን ይዤ ልገባ ስል ሰው እየሮጠ መጣ። ‹ሴት ልጅ ተወለደችልህ› አለኝ። አንድ ጊዜ ልይሽ ብዬ ነው፣ ትርንጎ። አንድ ጊዜ ብቻ። አየሁሽ፤ ከዚያ በኋላ መግባት አቃተኝ። የደረቀውን እንጨት ትቼ በእጄ የገባውን እርጥብ ቸኩዬ ጠረብኩ፤ ከውጭ መታሁት። ከውጭ የተመታን ሽብልቅ አውሬው በገፋው ቁጥር ያስወጣዋል። እርጥብ ደግሞ ሲደርቅ ያንሳል። ይህን የሥራ ቤት ለማጅ እንኳ ያውቀዋል።»

ሥሩ ለቀቀው።

ጫንያለው ሰንሰለቱን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። ቀልዱ ከፊቱ ላይ ጠፍቷል።

«አንተ» አለው። እስከዚያች ሰዓት ጋሼ ሲለው ነበር። «አንተ ሰው፣ ሦስት ቀን ሙሉ የዚህን ድምፅ እየሰማህ? ወንዝ ሲወስደኝ እያየህ? ቁልፉ ደረትህ ላይ ሆኖ?»

«አዎ» አለ ጓንጉል። ቁልፉን አውጥቶ ተንበርክኮ ፈታው። ቁልፉ ቀዳዳውን ስቶ ስቶ ነው የገባው። ጫንያለው ሊመታው እጁን አነሣ፤ አልመታውም። ሰንሰለቱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣለ። ብረት የሚጥል ብረት ሠሪ የለም።

ትርንጎ ልታለቅስ ፈልጋ እንባ እምቢ አላት። ለካ ዕድሜዋ ሙሉ በዚያ ደጅ ላይ ተሰክቶ ኖሯል።

እናት አሽማ ተናገረች። «ከእኔ ብትቆርጡ እርጥብ ነው። ሃያ ዓመት ይፈልጋል። የደረቀውን ግን ይዛችሁት መጥታችኋል።»

ሦስቱም ወደ ዛቢያው አዩ። ዛፏም ከራሷ አንዲት ቅርንጫፍ ጣለችላቸው። «ይህች ለኋላ ትሁናችሁ» አለች።

በሰባተኛው ቀን ቀትር ላይ ሲደርሱ ደጁ ሰው በጎኑ የሚያሳልፍ ያህል ተከፍቶ ነበር። በጨለማው ውስጥ ቀይ አፍንጫ ይነፋል፤ ወታደሮቹ ጎራዴያቸውን ጥለው ሸሽተዋል። ንግሥት ወለላ ብቻ ከአደባባዩ ሳትነቃነቅ ቆማለች።

ትርንጎ ብረቱን ከዛቢያው አላቀቀች። መጋዟን አወጣች። የመጀመሪያዋን ስትስብ ከዛቢያው የሰባት ሰው ላብ ሸተታት፤ የአባቷም ነበረበት። ያኔ ነው እንባዋ የመጣው። እንባዋ እየወረደ ሳበች፣ ጠረበች፣ በመሮ አስተካከለች፣ በአሮጌው ቀዳዳ ልክ ለካች።

«ልክ ነው?» አለ ጓንጉል።

«ልክ ነው። እኔ እገባለሁ፣ አባዬ። ዛቢያው የእኔ ነው።»

«ትርንጎ» አለ፣ በሥራ ቤት ሲቆጣት በሚናገርበት ድምፅ። «ያበላሸሁትን ሥራ ሌላ ሰው ሲያርምልኝ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አታውቅም።

«በይ እንግዲህ። አንቺ ከውጭ ጫፉን ተመልከቺ። አንድ አውራ ጣት ሲወጣ ‹በቃ› በይኝ። ቸኩለሽ እንዳትናገሪ።»

ወደ ንግሥቲቱ ዞሮ ጎንበስ አለ። «ንግሥት ሆይ፣ ሌባ የለም። ውሸታም ነው ያለው፤ እሱም እኔ ነኝ። ይህ ሰው ንጹሕ ነው።» ከዚያ ወደ ጫንያለው ዞረ።

«ይሂዱ፣ ጋሼ» አለ ጫንያለው። «ብረቱን ለእኔ ይተዉት።»

ጫንያለው ሰንሰለቱን በክፍተቱ ወደ ዋሻው ግራ ወረወረ። የመጥረቢያውን ብረት አስከተለ፤ ቁልፉንም፤ ወታደሮቹ የጣሉትንም ጎራዴ እያነሣ። የብረት መታኘክ ድምፅ ተራራውን አናወጠው። ጓንጉል የእንጨት መዶሻውንና ሽብልቁን ብቻ ይዞ በቀኝ በኩል ሾልኮ ገባ። ጫንያለውና ትርንጎ መዝጊያዎቹን በትከሻቸው ገፍተው ገጠሙ። ንግሥቲቱም ካባዋን ጥላ መጥታ ከጎናቸው ገፋች።

ቀጥቅ። ቀጥቅ። የሽብልቁ ጫፍ ብቅ አለ።

«ወጣ?» አለ ከውስጥ።

«ወጣ አባዬ! ግን ጥፍር ታህላለች!»

ቀጥቅ። ቀጥቅ። ግማሽ ጣት። የብረቱ መታኘክ ቆመ። አንድ ነገር መሬቱን እየጎተተ ወደ ቀኝ ሲዞር ተሰማ።

ቀጥቅ።

አንድ አውራ ጣት። ልክ አንድ አውራ ጣት ሆነ። ትርንጎ አፏን ከፈተች፤ ቃሉ አልወጣ አላት። ያን ቃል ከተናገረች በኋላ አባት እንደሌላት ታውቃለች።

«ትርንጎ?»

«በቃ» አለች። «በቃ፣ አባዬ። ጥሩ ሥራ ነው።»

ጎርማ ደጁን በሙሉ ኃይሉ ገፋው። መቀርቀሪያው ጮኸ፤ ሽብልቁ ጠበቀ። በጣውላው ላይ የነበረው ሙጫ ደረቀ።

ከዚያም ከውስጥ፣ ከእንጨቱ ሥር፣ መዶሻው ቀስ ብሎ መታ። አንድ። ሁለት።

ቆዩ። ጫንያለው ጆሮውን ደጁ ላይ ለጠፈ። ንግሥቲቱ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሦስተኛው አልመጣም።

ትርንጎ የቆሰለ መዳፏን ጨበጠች። በቡጢዋ ደጁን አንድ ጊዜ መታችው።

ቀኑም መሸ።

በሌላው ሳምንት ጫንያለው አዲስ የመጥረቢያ ብረት ቀጥቅጦ ይዞላት መጣ። ትርንጎ በሥራ ቤቱ ጣሪያ ሥር የእናት አሽማን ቅርንጫፍ በገመድ ሰቅላው አገኛት። ዛቢያ ሰብራለችና ከጠራቢዎቹ መዝገብ ስሟ ተፍቋል። ንግሥቲቱ ልታስመልስላት ብትልክም «ሕግ ነው» ብላ እምቢ አለች።

«መቼ ነው ታዲያ ለዚህ ብረት ዛቢያ የምንገጥምለት?» አለ ጫንያለው ወደ ላይ እያየ።

«ሲደርቅ።»

«ሃያ ዓመት?»

«ሃያ ዓመት።»

«እኔ እኮ አረጃለሁ፣ አንቺ ልጅ! ከወዲሁ ቢገጠምስ? ትንሽ ብቻ ነው የሚያንሰው።»

ትርንጎ ብረቱን ከእጁ ተቀብላ በዘይት አሸችው፤ በጨርቅ ጠቅልላ ብል በበላው ካባ ላይ አስቀመጠችና ሳጥኑን ከደነች።

«አባቴ የቸኮለው ይበቃናል» አለች።