በአቀበቱ ላይ ያረፈው ቡጢ

ታላቁ ጦርነት ካበቃ አራተኛው በጋ ነበር። በምርኮኞች ጉልበት በተጠረገው የተራራ መንገድ ላይ ሬንጁ በሙቀት መቅለጥ ጀምሯል፤ ከተራራው ወገብ በላይ የነበረውን ደን መድፍ አንድዶት ድንጋዩ ራቁቱን ቀርቷል፤ በየኩርባው ዳር የተቃጠሉ የጦር ተሽከርካሪዎች ዝገት ለብሰው ተጋድመዋል፤ በእነዚያው ላይ ደግሞ ከማለዳ ጀምሮ ሰው እንደ ጉንዳን ሰፍሯል። የአገሪቱ ታላቅ የብስክሌት ዙር ከጦርነቱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ተራራ ሊያልፍ ነው፤ ሕዝቡም ያን ሁሉ ፀሐይ ችሎ የሚጠብቀው ለአንድ ሰው ሊያጨበጭብ፣ አንድን ሰው ደግሞ ሊሰድብ ነበር።

የሚሰደበው መዶሻው ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያስታውስ ከብስክሌት ማኅበሩ ጸሐፊ በቀር አልነበረም። በወጣትነቱ ብረት ቀጥቃጭ ስለነበረ፣ ሲጋልብም ፔዳሉን የጋለ ብረት ይመስል ቁልቁል ስለሚደበድበው ይህ ቅጽል ወጥቶለት በዚያው ቀረ። ከጦርነቱ በፊት ዙሩን ደጋግሞ አሸንፏል፤ በጦርነቱ ዘመን የምሽግ ወታደር ሆኖ የአስር አለቃነት ማዕረግ ተቀብሏል፤ ሚስቱን የአየር ድብደባ በልቶበት፣ ፀጉሩ ሸብቶና ጉንጩ ጎድጉዶ ሲመለስ ያየው ሁሉ አከተመለት ብሎ ነበር። እርሱ ግን አርባ ዓመት ሊደፍን ጥቂት ሲቀረው እንደገና ማሸነፍ ጀመረ፤ ጣጣውም የመጣው ከዚህ ነው።

በጦርነቱ ጊዜ ለአውሮፕላን አብራሪዎችና ለምሽግ ወታደሮች እንቅልፍ እንዲያባርር ይታደል የነበረው ነጭ እንክብል ከጦር መጋዘን ሾልኮ በብስክሌተኞች መካከል እንደሚዞር ያልሰማ አልነበረም። ጋዜጦች ማንን እንደሚጠረጥሩ ለመወሰን ብዙ አልደከሙም፤ ወጣቱ ቢሮጥ ወጣት ስለሆነ ነው፤ ሽማግሌው ግን ይህን ጉልበት ከየት አመጣው አሉ። ፖሊሶች የመዶሻውን ክፍል ሰብረው ገብተው ፍራሹን በጩቤ ተረተሩ፤ የጫማውን ሶል ገነጠሉ፤ ምንም ባያገኙም ሳያገኙ መውጣታቸውን የጻፈ ጋዜጣ የለም። ከዚያ ወዲህ በየመንደሩ ሲያልፍ ምራቅ ይቀበለዋል፤ ድንጋይ ይከተለዋል።

የሚጨበጨብለት ደግሞ የታላቅ እህቱ ልጅ ነው፤ ፌንጣ ይሉታል። ሰውነቱ ቀላል፣ አቀበት ላይ ከኮርቻው ብድግ ብሎ የሚዘል፣ ሳቂታ ወጣት ነበር። ብስክሌት ያስተማረው አጎቱ ነው፤ አሁን ሁለቱም ባንድ ቡድን ይጋልባሉ፤ የመሪነቱን ማሊያ የለበሰው ፌንጣ ሲሆን መዶሻው በጥቂት ልዩነት ሁለተኛ ነው። የዚያን ቀን ተራራውን ቀድሞ የወጣ ዙሩን እንደሚወስድ ሁሉም ያውቃል።

ጠዋት በሆቴሉ መመገቢያ ፌንጣ እህል አልቀመሰም፤ ያለማቋረጥ ያወራል፤ ጉልበቱ በጠረጴዛው ሥር ይንቀጠቀጣል። መዶሻው ይህን አይቶ ተነሣ፤ በመተላለፊያው የቡድኑን ወጌሻ አገኘው፤ ያ ሰው በጦርነቱ ጊዜ የጦር ሠፈር መድኃኒት አዳይ ነበር። ኮሌታውን ጨምድዶ ከግድግዳው ጋር አላተመው፤ ወጌሻው ከንፈሩ ደምቶ፣ ለልጁ ምን እንደሰጠው ሲጠየቅ ሳቀ። ሽማግሌ ሲሸነፍ ሰበብ አያጣም አለው። ሌሎች ብስክሌተኞች ደርሰው ገላገሏቸው፤ በሰዓቱም ውድድሩ ተጀመረ።

መዶሻው ስለ እንክብሉ ከጋዜጠኞቹ ሁሉ የበለጠ ያውቅ ነበር። በጦርነቱ ሦስተኛ ክረምት ምሽጋቸው በተከበበ ጊዜ ሻለቃው ለየወታደሩ አድሏል፤ መዶሻው ሆዱ እምቢ ብሎት መልሶ ሲተፋው፣ አጠገቡ የነበረው መትረየስ ተኳሽ የእርሱንም ቀሪ ድርሻ ለምኖ ዋጠ። ሰውየው ለቀናት አልተኛም፤ ጥርሱን እያፋጨ ይስቅ ነበር። በመጨረሻ እጃቸውን አንሥተው የመጡ ምርኮኞችን በመትረየስ ረፈረፋቸው፤ ቀጥሎም ማንም ሳያባርረው ከምሽጉ ዘሎ ወጥቶ በሜዳው ሮጠ፤ ሮጦ ሮጦ አንድ ጥይት ሳይነካው በግንባሩ ተደፋ። መዶሻው በደረቱ ተስቦ ጎትቶ ሲያመጣው ገላው እንደ እሳት ይፋጃል፤ የላብ ጠብታ ግን አልነበረበትም። የዚያን ሰው ፊት ከዓይኑ ያጠፋው አንድም ሌሊት አልነበረም።

በተራራው ግርጌ ከሕዝቡ መካከል የተወረወረ ብሎን የመዶሻውን ቅንድብ ሰነጠቀው፤ ደሙ ዓይኑ ውስጥ እየገባ ቀጠለ። ሌሎቹ አንድ በአንድ ወደ ኋላ ቀሩ፤ ዛፍ ከሌለበት ቦታ ሲደርሱ ከፊት ፌንጣ፣ ከኋላው መዶሻው ብቻ ነበሩ። ፌንጣ ቀጥ ብሎ መጋለብ አቅቶታል፤ ከመንገዱ አንድ ጠርዝ ወደ ሌላው ይወላገዳል፤ በስተግራ ደግሞ ገደል ነው። አጎቱ ደርሶበት ጎን ለጎን ሲሆን ከንፈሩ ላይ የደረቀ ነጭ አረፋ አየ፤ የጥርሱን ፍጭት ሰማ፤ እጁን ዘርግቶ ጀርባውን ነካው። ማሊያው ደረቅ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ገላ ግን ይፋጃል።

በዚያች ቅጽበት መዶሻው ጥሎት ቢያልፍ ኖሮ ዙሩን ያሸንፍ ነበር፤ ሰዳቢውንም ሁሉ ያሳፍር ነበር። ይህ አልታየውም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ታይቶታል። እጁ ግን የልጁን ብስክሌት መሪ ያዘ።

«ውረድ ልጄ። በቃህ፤ ውረድ።»

ፌንጣ ዞሮ አየው፤ ያወቀውም አይመስልም። በዕድሜው ሙሉ «አንቱ» እያለ የኖረውን አጎቱን «አንተ ሌባ፣ ማሊያዬን ልትቀማኝ ነው» ብሎ የጎማ መንፊያውን ከብስክሌቱ መንጭቆ አፉ ላይ መታው። ሁለት ጥርስ ወለቀ። መዶሻው ደሙን ተፍቶ ብስክሌቱን በሙሉ ክብደቱ ገፋበትና ከገደሉ በተቃራኒ በኩል ሁለቱም ተያይዘው ተንከባለሉ። ፌንጣ ጉልበቱ ተገሽልጦ አጥንቱ እየታየ፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው ብድግ ብሎ እንደገና ኮርቻው ላይ ሊወጣ ታገለ፤ ሲይዘው ነከሰው፤ ዓይኑን በጣቱ ሊያወጣ ሞከረ፤ ያ ቀላል ሰውነት የሦስት ሰው ጉልበት አውጥቷል። እንዲህ ሆኖ ብዙ እንደማይቆይ መዶሻው ያውቃል። ቀኝ እጁን ወደ ኋላ ስቦ፣ ወጣት ሳለ ብረት ይቀጠቅጥበት በነበረው ክንድ አገጩን መታው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ከድንጋዩ ጋር አስተጋባ፤ ፌንጣም ዝም ብሎ ወደቀ።

መዶሻው ደረቱ ላይ ተቀምጦ የውኃ ጠርሙሱን አንገቱና ብብቱ ላይ አፈሰሰለት፤ ውኃ፣ ውኃ እያለ ወደ ላይ ጮኸ። ከላይ ግን ሕዝቡ በዱላና በድንጋይ እየወረደ ነበር። አንድ ፎቶ አንሺ ቡጢው በተሰነዘረበት ቅጽበት ካሜራውን ተጭኖ ነበርና፣ ያ ሥዕል ከዚያ በኋላ በአገሩ ያልደረሰበት ቤት የለም። የደረሱት ሰዎች ያዩት ያንኑ ነው፤ በእንክብል የሚታማ ሽማግሌ፣ ሊሸነፍ ሲል የእህቱን ልጅ ጥሎ ሲገድል። በዱላ ጀርባውን፣ በጫማ ጎኑን ደበደቡት። ድንጋዩ ልጁን እንዳያገኘው ከላዩ ተኝቶ ሸፈነው፤ ይህንንም አንቆ ሊጨርሰው ነው ብለው ተረጎሙት። አንዱ ያን የመታበትን እጅ በአስፋልቱ ላይ ዘርግቶ ይዞ ሌላው በጥርብ ድንጋይ ቀጠቀጠው። ወታደሮች ወደ ሰማይ ተኩሰው ሲያስጥሉት ራሱን ስቶ ነበር።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሟ ከመዶሻው አልጋ አጠገብ ቆማ፣ ልጁ ሲመጣ ሙቀቱ መለኪያውን አልፎ እንደነበር፣ ደሙም በዚያ የጦር ሠፈር እንክብል የተሞላ እንደሆነ፣ ጥቂት አቀበት ቢጨምር ኖሮ ልቡ ይቆም እንደነበር በዝግታ አስረዳችው። ለማኅበሩም እነግራለሁ አለች። ነገረችም፤ በማግሥቱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ በጦርነቱ ስመ ጥር የነበረው ኮሎኔል፣ ኒሻኑን እንደደረደረ መጣና በሩን ዘጋ።

«አስር አለቃ፣ ይህ ሕዝብ ከእሳት የወጣ ነው። የሚወደው አንድ ንጹሕ ወጣት ያስፈልገዋል» አለ።

«የሚጠላውስ?» አለ መዶሻው፣ አፉ አብጦ ቃሉ እየተንተባተበ።

«የሚጠላውም ያስፈልገዋል። አንተ ብትናገር ልጁ ዕድሜ ልኩን ይታገዳል፤ ወህኒም አይቀርለትም። ዝም ብትል የምትታገደው አንተ ብቻ ነህ።»

መዶሻው ዓይኑን ከጣሪያው ወደ ኮሎኔሉ መለሰ። «ክቡር ኮሎኔል፣ ያ ወጌሻ ከልጁ አጠገብ እንዳይደርስ።»

«የወታደር ቃሌ ነው» አለ ኮሎኔሉ። ያን ቃል የጠበቀው አንድ ክረምት ብቻ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ታላቅ እህቱ መጣች። ከልጇ ክፍል ነው የመጣችው፤ አገጩ በሽቦ ታስሮ አይታዋለች። ይህን ወንድሟን እናታቸው ከሞተች በኋላ በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ሴት ነበረች። ወደ አልጋው ቀርባ የተሰፋ ፊቱን በጥፊ መታችው፤ ስፌቱ ተፈታ፤ ፊቷን አዙራ ወጣች። እርሱም ተነሥቶ ሊከተላት ቃጣው፤ እውነቱም አፉ ድረስ መጥቶበት ነበር፤ ብነግራት አደባባይ ትወጣለች፣ ልጁም አለቀለት ብሎ ዋጠው። ከተደበደበው ሁሉ ያመመው ያ ጥፊ እንደነበር ኋላ ተናግሯል።

ታገደ፤ የቀድሞ ድሎቹም ተሠረዙ። ወደ ብረት ሥራ ቤቱ ተመልሶ በግራ እጁ መቀጥቀጥ ተማረ፤ ቀኙ ጉጠት ከመያዝ አያልፍም ነበር። በሩ ላይ ነፍሰ ገዳይ ብለው ይጽፉበታል፤ ያጥበዋል፤ ይጽፉበታል። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ፌንጣ መጣ፤ አገጩ ተጣሞ ገጥሟል። ስለ ተራራው የሚያስታውሰው ነገር የለም፤ የሚያውቀው ጋዜጣ የነገረውን ነው። መዶሻው የውኃ ማሰሮ አቅርቦ ስለ መትረየስ ተኳሹ ሊነግረው ጀመረ፤ ልጁ አላስጨረሰውም። ከጥግ የብረት ዘንግ አንሥቶ በአጎቱ አናት ላይ ከፍ አደረገ። መዶሻው አልተከላከለም፤ መከላከያም እጅ አልነበረውም። ዘንጉ ወርዶ ማሰሮውን ሰባብሮ ውኃውን ከመሬት ደባለቀው፤ ፌንጣም እየጮኸ ወጣ።

በሚቀጥለው በጋ መክፈቻ ውድድር ላይ ወጌሻው በኮሎኔሉ ዝምታ ተመልሶ ነበር። ፌንጣ እንክብሉን ተቀብሎ ገና በኪሱ እንደያዘ፣ አጠገቡ የሚጋልብ የቡድን ጓደኛው ጥርሱን ሲያፋጭ ሰማ። ዞሮ አየው፤ አረፋውን፣ ደረቁን ማሊያ አየ። ጠራው፤ ያ ሰው ሳቀለትና ከነብስክሌቱ በአንድ የተቃጠለ የጦር መኪና ቅሪት ላይ በሙሉ ኃይሉ ተላተመ። ጭንቅላቱ ተከፍቶ እንኳ እግሮቹ ፔዳል እንደሚመቱ ሆነው ለጥቂት ጊዜ ተንቀሳቀሱ። ፌንጣ ወርዶ ገላውን ነካው፤ ይፋጃል፤ ላብ የለውም። አጎቱ ሊነግረው የጀመረውና ያላስጨረሰው ወሬ ያን ጊዜ ገባው። ብስክሌቱን እዚያው ጥሎ እስከ ወጌሻው መኪና ድረስ በእግሩ ተመለሰ፤ ሰውየውን ከመቀመጫው ጎትቶ አውጥቶ፣ ፖሊስ እስኪደርስ ድረስ ፊቱን ከመኪናው በር ጋር ያላትመው ነበር። ለዚህም ታሰረ፤ ምክንያቱን ግን ማንም አልጠየቀውም። ሲፈታ ዳግመኛ ኮርቻ ላይ አልወጣም።

አንድ ረፋድ ከእናቱ ጋር ወደ ብረት ሥራ ቤቱ መጣ። እህቲቱ ሁሉን ከልጇ ሰምታለች፤ ወንድሟን ስታየው ቆማ ቀረች፤ ከዚያ የተቀጠቀጠውን ቀኝ እጁን በሁለት እጇ ያዘችና አለቀቀችውም። ፌንጣ ወናፉን መንፋት ጀመረ። ብዙ ቆይቶ የተጣመመ አገጩን እያሻሸ፣ «ጋሼ፣ ሌላ ቦታ መምታት አይችሉም ኖሯል?» አለ።

«ሆድህን ብመታህ ትነሣ ነበር» አለ መዶሻው፤ ከተራራው ወዲህም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

የዙሩን ታሪክ የጻፉ ሰዎች የዚያን ዘመን ነገር በጥቂት መስመር ያልፉታል። ተወዳዳሪ ያልነበረው ፌንጣ በአጎቱ ቅናት ተቀጨ ይላሉ፤ ሊያሸንፋቸው ይችል የነበሩትን ዙሮች በቁጭት ይዘረዝራሉ፤ ያንን ሥዕልም ከጎኑ ያትማሉ። ኮሎኔሉ በስሙ ዋንጫ ተሰይሞለታል። ከፌንጣ ጋር ከጋለቡትና ስማቸው በክብር ከተመዘገበው መካከል ግን ፀጉራቸው ሳይሸብት በየአቀበቱና በየአልጋው የረገፉት ብዙዎች ናቸው፤ አሟሟታቸውን የጠየቀ ታሪክ ጸሐፊ አልተገኘም። ተቀጨ የተባለው ሰው አገጩ እንደተጣመመ ሸመገለ፤ አግብቶ ሴቶች ልጆች ወለደ፤ እናቱንና አጎቱን በእርጅናቸው ጦሮ ቀበረ። መዶሻው ሲቀበር አስከሬኑን የተሸከሙት የዚያ ሰው አማቾች ነበሩ፤ ጋዜጦች በማግሥቱ ስለ ሞቱ አንድ ዓረፍተ ነገር አወጡ፤ እርሱም ስለ ቡጢው ነበር።